ብርጭቆው በዛ

ሐሙስ፣ ኅዳር 28
ከስፌት ክፍሌ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለስልክ ጠላቷ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አለን። የኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ይለግማል፤ የእናትሽ ወገብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላም ከኔ ጉልበት ይሻላል። ስደውል ስለማታነሺ፣ ባነሳሽ ቀንም «አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለሽ ስለምትዘጊው በወረቀት መጣሁብሽ። ወረቀት ደግ ነው፤ አንዴ ከያዙት መሀል ላይ አይቋረጥም። ነገ ጠዋት ወደናንተ ከተማ ጭነት የሚያደርስ ሾፌር ሁለት ሱሪ ሊወስድ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጅሽ ካላስረከበ ሦስተኛውን ሱሪ እንደማልሰፋለት ነግሬዋለሁ። እስከ እሑድ እጅሽ ይገባል።

እናትሽ መጻፌን አታውቅም።

ለምን እንደጠፋሽ ይገባኛል፣ ለእሷም ይገባታል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ እሱን ለመሥሪያ ቤታችሁ ትቻለሁ። እናትሽ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ካሸርነቷን ታበቃለች። ይህን የሚናገረውን ማስታወቂያ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደወልሽላትም። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረውን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ፣ እዚያ ሩቅ ተቀምጠሽ ያላየሽው ብዙ ነው፤ ብታዪው ደግሞ ግማሹ የሚያኮራ ነው።

ደንበኛው ያለ ካሸር ራሱ ሒሳቡን የሚከፍልባቸው ማሽኖች የመጡት ክረምቱ እንደወጣ ነው። አራቱም በነጭ ላስቲክ ተሸፋፍነው፣ ሰው እንዳይነካቸው ዙሪያቸውን ገመድ ተደርጎባቸው ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቆሙ። ሰው ሁሉ እየዞረ ያያቸዋል፣ እነሱ ግን ፊታቸውን አይገልጡም። እናትሽ «ሙሽሮቹ» አለቻቸው፣ ስሙም በዚያው ጸና። አሁን ሥራ አስኪያጁ ራሱ «ሦስተኛዋ ሙሽራ ወረቀት ጨርሳለች» ሲል ትሰሚዋለሽ።

እኔ ማሽን ወዳጅ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። የስፌት መኪናዬን ከአንዳንድ ዘመድ አብልጬ ነው የምወዳት። ላስቲኩ የተነሳ ቀን በሬን ቆልፌ ሄድኩ። አንድ ሳሙና አነሳሁና ባርኮዱን ወደ ቀዩ መብራት ጠጋ አደረግኩት፤ ጢጥ አለች። ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኩት፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኜን ተፋችልኝ። ማንንም አላስቸገርኩም፣ ማንም አላስቸገረኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደድኳት። ተመልሼ ገባሁና ሌላ ሳሙና ደገምኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ከሰው ሳሙና ይበዛል።

ማስታወቂያው ግን ቆየት ብሎ ነው የወጣው፣ ሠራተኞቹ ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ውስጥ፣ መስተዋቱ አጠገብ። ቃሉን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔም ከመስማት ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። «ውድ የቤተሰባችን አባላት፤ ደንበኞቻችን ራሳቸውን የማስተናገድ ነፃነት በተጎናጸፉበት በዚህ ወቅት፣ የካሸር ባልደረቦቻችንን ከባንኮኒ ጀርባ አውጥተን ወደ አዲስ የሕይወት ምዕራፍ የምንሸኝበት ጊዜ መድረሱን ስንገልጽ ደስታችን ወሰን የለውም።»

እጅሽ ይባረክ። አላሾፍኩም። እኔ በሙያዬ ስፌቱ የማይታይ ልብስ ሳይ አደንቃለሁ፣ ይህም እንደዚያ ነው፤ የቱ ጋ እንደተቆረጠ አይታወቅም። ካሸሮቹ አነበቡት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ከዚያ አጨበጨቡ። ዕድገት የተሰጣቸው መስሏቸዋል።

ከእናትሽ ጎን ያለው ባንኮኒ ላይ የምትሠራዋን ታስታውሻታለሽ፣ ወሬዋን ሁሉ «ጉድ ፈላ» ብላ ስለምትጀምር ስሟ በዚያው ጉድ ፈላ ሆኖ የቀረባትን። አዋጥተን እንደግስ ያለችው እሷ ናት። ትልቅ ኬክ አዝዘው «እንኳን ደስ አለን» አጻፉበት። አንዷማ ማደጓን ለአከራይዋ ሳይቀር አብስራ ነው የመጣችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናትሽ አጠር አድርጋ ነገረችኝ፤ ጉድ ፈላ ግን ቀሚሷን ላሳጥር ብላ መጥታ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ እየቀየረች እንደ ቲያትር ስለሠራችልኝ የነበርኩበት ያህል አውቀዋለሁ።

እናትሽ የመጨረሻ ደንበኛዋን ሸኝታ ስትገባ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ታላቃቸው ናትና ቢላውን ለእሷ አቆይተውላታል። ቢላውን እንደያዘች ወደ መስተዋቱ ሄዳ ማስታወቂያውን አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ምነው ቆምሽ? ነይ ቁረሺልን እንጂ» አለች ጉድ ፈላ።

«ይሸኙናል ይላል» አለች እናትሽ። «ወዴት እንደሆነ ግን አይልም።»

«ወደ አዲስ ምዕራፍ ይላልኮ!»

«እሱን አይቼዋለሁ።»

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ ገባ። ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አይደለም፤ ከላይ የመጣለትን ከመለጠፍ በቀር ምን ያድርግ። ኬኩ ላይ የተጻፈውን ሲያነብ ፊቱ ደም መሰለ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው እናትሽ። «ኅዳር ሲያልቅ እኔ ለሥራ የምገባው የት ነው?»

«ያው… ወደ አዲሱ ምዕራፍ ነው የምትሸጋገሩት።»

«እሺ። መግቢያው በየት በኩል ነው?»

ግራ ተጋባና ኬኩን ማየት ጀመረ። «እማማ፣ ተባረራችሁ እኮ አይደለም» አለ፤ «ያንን ቃል እንዳንናገር ታዘናል።» ያኔ ለሁሉም ገባቸው።

ለአከራይዋ ያበሰረችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ጉድ ፈላ ጣቷን ማስታወቂያው ላይ ቀስራ፣ «ይሄን የጻፈ ሰው እናት የለውም?» አለች።

«አላት» አለች እናትሽ።

ይህን ያለችው ኬኩን እየቆረሰች ነው፣ ቀና እንኳ ሳትል። ጉድ ፈላ አንቺ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደምትሠሪ ታውቃለች። የማያውቅ ማን አለ? ለማሽኑና ለማስታወቂያው ቃል የሚመርጥ ሰው ይፈለጋል የሚለውን ወረቀት ከዚያው ግድግዳ ላይ ገልብጣ የላከችልሽ እናትሽ ናት፤ ስትቀጠሪም በየባንኮኒው ከረሜላ ያዞረችው እሷው ናት። ጉድ ፈላ አፏን ከፍታ ቀረች። ያቺን ሴትዮ ቃል ሲያጥራት ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። በመጨረሻ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለነገሩ አጻጻፉ ያምራል።»

«ያምራል» አለች እናትሽም፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሥራ አስኪያጁ እያቀበለችው። «ብሉ እንግዲህ፣ ኬኩ ምን በደለ።»

እኔ ስሰማ በገንኩ። ዛሬም አልበረደልኝም፣ ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። የማሽኑ መምጣት አይደለም ያበገነኝ። የተሰፋ ልብስ ከውጭ መግባት ሲጀምር እኔም ግማሽ ደንበኛዬን አጥቻለሁ፤ ዘመን ነው፣ አልቅሼ አላቆምኩትም። ያናደደኝ አንቺ እያወቅሽ፣ ለወለደችሽ ሴት ስልክ አንስተሽ በሰው ቋንቋ አለመንገርሽ ነው። «ያሳደግናት እንዲህ ነው ወይ?» ብዬ እራት ላይ ጮህኩ። እናትሽ ሰምታ ሰምታኝ፣ «ስትፈራ ቃል ታሳምራለች» አለችኝ። «ብርጭቆውን ረሳኸው?»

ወይ ብርጭቆው። አንቺ ታስታውሺው ይሆን? ገና አፍሽን የፈታሽ ሰሞን ነው። ውሃ አምጪልኝ ብዬ ልኬሽ፣ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮታኮት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ስብርባሪው መሀል ቆመሻል፣ እጆችሽን ወደ ኋላ ደብቀሽ። ቀና ብለሽ አየሽንና «ብርጭቆው በዛ» አልሽን። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። እናትሽ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችሽምም። ስብርባሪውን ጠረገች፣ ሌላ ብርጭቆ ሞላችና በዚያው እጅሽ አስይዛሽ፣ «ምንም አልሆነም፤ ቀስ ብለን እንደገና እንሞክረው» አለችሽ። ከኋላ ከኋላሽ እየተከተለች አመጣሽልኝ። ግማሹ መንገድ ላይ ፈስሷል፤ የቀረውን ግን እንደዚያ ጣፍጦኝ የጠጣሁት ውሃ የለም።

ከኬኩ ቀን በኋላ ካሸሮቹን ከባንኮኒ አንስተው ደንበኞችን ማሽን እንዲያለማምዱ አደረጓቸው። ጀርባው ላይ «የጉዞ አጋርዎ» የሚል ሰደርያም አለበሷቸው። ይህም ያንቺ ሥራ ይመስለኛል። ሰደርያው ለእናትሽ ሰፍቷት ነበር፣ እኔ ነኝ ያጠበብኩላት። ሰዎች ጀርባዋን እያነበቡ «ጉዞው ወዴት ነው?» ሲሏት «እስከ በሩ ድረስ ነው» ትላቸዋለች። ሁሉም ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

እዚያ ቆማ ብታዪያት ልጄ። አንድ ቀን መደርደሪያ ተደግፌ ሳያት ዋልኩ። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። አንዲት አሮጊት ሽንኩርት ይዛ ስትደናበር አይታ እንኳ እጇን አትሰድም። «እዚያ ጋ ሥዕሉን ይንኩት… እሱ ቃሪያ ነው… እንደሱ፣ አገኙት» ትላለች። አሮጊቷ ደረሰኙን ስትቀበል ሎተሪ የወጣላት ነው የምትመስለው። «ለምን አንቺ አትነኪላቸውም፣ ቶሎ ያልቅ ነበር» አልኳት። «እኔ ከነካሁት ነገ ሲመጡ አይችሉትም። ነገ ደግሞ እኔ የለሁም» አለችኝ። እኔ ብሆን ኖሮ ሁሉንም አሳስቼ አስተምሬ ማሽኖቹን በሳምንት አስነቅል ነበር። እሷ እንጀራዋን ለወሰደው ሥራ እንኳ ልግመት አታውቅም። ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ እንዲህ አድንቄያት አላውቅም፤ እሷ ፊት ለማለት ስለሚያሳፍረኝ ላንቺ እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ እቃዋን ልይዝላት በሩ ላይ እጠብቃታለሁ። አንድ ምሽት ሰደርያዋን አውልቃ፣ ደንበኛው ሁሉ ሄዶ፣ ወደ ጥጓ ሙሽራ ሄደች። ቦርሳዋን ዕቃ የሚቀመጥበት ሚዛን ላይ አኖረችው። ያልተመዘገበ ነገር ሲቀመጥባት ማሽኗ እንደምትቃወም ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ ከእናትሽ በላይ ደግሞ የሚያውቀው የለም። መብራቷ ቢጫ ሆነ። እናትሽ ስክሪኑን ትንሽ አየችው፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ መጣች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን «ሰው ታስተምሪያለሽ፣ ራስሽ ትሳሳቻለሽ» ብዬ ቀለድኩባት። «አልተሳሳትኩም» ብላ ክንዴን ያዘችኝና ወጣን።

ምን እንደምታደርግ ያስረዳኝ አናጢው ነው፣ ከኛ ጀርባ ያለው፣ አንደበቱ የሚይዘው ሰውዬ። ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ ስለ ሙሽሮቹ አነሳን። ዱሮ ሰልፍ ላይ አንድ ነገር ሲጠየቅ ቃሉ እስኪወጣለት ከኋላው ያለው ሰው ስለሚያጉረመርምበት፣ ብዙ ጊዜ ዕቃውን መልሶ አስቀምጦ ይወጣ እንደነበር ነገረኝ። ማሽኗ ጋ በሄደ የመጀመሪያ ቀን ሁሉን ነገር አበላሸ። ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። እዚህ ሲደርስ አንደበቱ ያዘው፣ እኔም ጠበቅኩት። «ምንም አልሆነም፤ ቀስ ብለን እንደገና እንሞክረው» ይላል አለኝ። «በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለ። በዚያ ቀን ሳይንተባተብ ተናገረ አልልሽም፤ ተንተባትቦ ነው የነገረኝ፣ እየሳቀ።

መቀሴን አስቀመጥኩ። ልጄ፣ ሌላው መሥሪያ ቤት «ስህተት» ብሎ የሚጽፍበትን ቦታ አንቺ በእናትሽ ቃል ሞልተሽዋል። በየከተማው፣ በየሱፐርማርኬቱ፣ የተደናበረ ሰው ሁሉ የእናትሽን ድምፅ ያነባል። እናትሽ ማታ ማታ ሆን ብላ የምትሳሳተው እሱን ለማየት ነው። አንቺ ስለማትደውዪ እዚያ ሄዳ ታገኝሻለች።

አሁንም ተቆጥቻለሁ፣ ግን እንደዚያ ቀን አይደለም። አንቺ ክፉ ቃል አልጻፍሽም፤ የተቀያየረብሽ ግን አለ። ለማታውቂያቸው ደንበኞች የእናትሽን ቃል ሰጠሻቸው፣ ለእናትሽ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ቃል ላክሽላት። ብርጭቆ የሰበረውን ሰው በለስላሳ ቃል መቀበል ደግነት ነው፣ ከእሷ ተምረሽዋል። ሰባሪው ራሱ ሲያለሳልሰው ግን «በዛ» ማለት ብቻ ነው የሚሆነው። ልጅ ሲለው ያስቃል፤ ሲያድጉ ያርቃል።

ቅዳሜ ማታ ሰደርያውን መልሳ ትወጣለች። ጉድ ፈላ እንደገና ኬክ እገዛለሁ እያለች ነው፣ አሁን ምን እንደምታጽፍበት ግን አልወሰነችም። ሰኞ እናትሽ ቤት ትውላለች። እዚህ ያለው ማሽን የኔ የስፌት መኪና ብቻ ነው፣ መኪናዋ ደግሞ ምንም ቢያደርጓት «ምንም አልሆነም» አትልም። ስለዚህ አንቺ ደውዪላት። ረጅም ነገር አታዘጋጂ፣ ቃልም አትምረጪ፣ ስብሰባም አትፍጠሪ። «እማዬ፣ ብርጭቆውን ሰበርኩት» በያት። ቀጥሎ የሚባለውን እሷ ታውቀዋለች።

ለኔ ብርዱ እንዳይመታሽ ከመጠንቀቅ በቀር ምንም አታድርጊልኝ። የምትጽፊውን የሚያደንቅልሽ፣ ያልጻፍሽውንም የሚረዳልሽ ሰው አይጥፋብሽ። እጅሽን ከስንፍና፣ ልብሽን ከፍርሃት ይጠብቅልኝ። ከሰው በላይ ሳይሆን ከሰው ጋር የምትኖሪበትን ዕድሜ ይስጥሽ።

ልብስ ሰፊው አባትሽ

ዓርብ ጠዋት፦ ሾፌሩን እየጠበቅኩ ወረቀቱን ላጥፈው ስል እናትሽ ለሥራ ልትወጣ ለባብሳ በዚህ በኩል መጣች። «ምን እየጻፍክ ነው?» አለችኝ። «የሱሪ ልክ ነው» አልኳት። ገጾቹን አየት አደረገቻቸውና «ሰውየው ስንት እግር አለው?» አለች። ወጥ ቤት ገብታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰችና ከወረቀቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችልኝ። «እንዳይበዛብህ» አለችኝ። ከዚያ በሩ ጋ ደርሳ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ በላት» ብላ ወጣች።